ድንኳን በበጋ ውርጭ፦ ከዲንሾ እስከ ሐረና ጫካ

ብዙዎቻችን ብርድ ሲባል የሚመጣብን የሐምሌ ዝናብ ነው። በባሌ ተራሮች ግን አጥንት የሚሰብረው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋው ወራት፣ ይልቁንም በታኅሣሥና በጥር ነው። ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ይለቀዋል። በሳነቴ አምባ ቀን በሸሚዝ የሚያስኬድ ፀሐይ ይወጣል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ወርዶ ተመዝግቧል። ያም ሆኖ በእግር መጓዝ ለሚሻ ሰው የሚመረጠው ይኸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። መንገዱ አይጨቀይም፣ ወንዙ ያሻግራል፣ ዐይን የፈቀደውን ያህል ያያል። የባሌ ጉዞ ዋና ሥራው ታዲያ ቀን መራመዱ ሳይሆን ሌሊቱን በደኅና ማደሩ ነው። ይህን ደግሞ ከዲንሾ አስጎብኚዎችና ባለፈረሶች የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በዲንሾ ይገኛል። መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ የሚያዘውና ፈረስ የሚከራየው እዚያው ነው። አስጎብኚዎቹ በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ባለፈረሶቹም አብዛኞቹ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ሲሆኑ፣ ፈረሱ የቤታቸው ነው።

ጭነት ሲጫን ቆሞ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው። ባለፈረሱ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እያነሣ ይመዝናል፤ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን ድንኳኑን ወዲህ፣ ድስቱን ወዲያ ያዛውራል። የፈረሱን ጀርባ በመዳፉ ዳብሶ ቁስል አለመኖሩን ያረጋግጥና ወፍራም ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ከዚያ ገመዱን በሆዱ ሥር አሳልፎ ይስባል። ፈረሱ በዚህ ጊዜ ሆዱን ይነፋል። ባለፈረሱ ይህን ስለሚያውቅ አይቸኩልም፤ አንገቱን እያሻሸ ይቆይና ትንፋሹን ሲለቅ እንደገና ስቦ ያጠብቃል። ይህች ትዕግሥት ካልኖረች ጭነቱ ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይዞራል። ተጓዡ በጀርባው የሚይዘው ውኃውን፣ ምሳውን፣ የዝናብ ልብሱንና አንድ ወፍራም ሹራብ ነው። ሁሉንም ራሴ ልሸከም የሚልም አለ፤ ይቻላል፤ ግን አየሩ በሳሳበት ከፍታ እያንዳንዱ ኪሎ ከቆላው እጥፍ ይከብዳል።

ዲንሾ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ናት። አስጎብኚዎች የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው እደሩ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ቦታን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ይመከራል። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ፣ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት፣ አካሄድ ከተንገዳገደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። እዚያው ተኝቶ ይሻለኛል ማለት አደገኛ ነው፤ ጎበዝ አስጎብኚም በዚህ ጉዳይ አይደራደርም። በዲንሾ የሚያድር ሰው የሚጎድልበትም የለም። በጥዱና በኮሶው ዛፍ መካከል ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ከርከሮዎች አጠገብ ሲግጥ ያያል።

ከዲንሾ ወደ ዌብ ሸለቆ ሲወጣ ዛፉ ያልቅና ሣሩ ይጀምራል። ቀይ ቀበሮ እዚህ ብቻውን ይዞራል፤ የሚያድነው በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈልና ሌሎች የሣር አይጦችን ነው። ፊንቻ ሐበራ የሚባለው የዋሻ መጠለያም በዚሁ አካባቢ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን በዚህ መጠለያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ያን ጊዜ ከፍተኛው የተራራ ክፍል በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ከበረዶው ጠርዝ አጠገብ፣ ከ4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ ባልጩት እያመጡ ስለት ይሠሩ ነበር። የሰው ልጅ በእንዲህ ያለ ከፍታ ለመኖሩ እስካሁን ከተገኙት ቀዳሚ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ስለ ብርድና ስለ ድንኳን ሳስብ እነዚህ ሰዎች ከልቤ አይወጡም። ውኃ፣ ምግብና ከነፋስ የሚከልል ግድግዳ በአንድ ቦታ የሚገኙበትን ለይተው አውቀዋል። የዛሬው አስጎብኚም የሚፈልገው ያንኑ ነው።

ድንኳን የት ይተከል በሚለው ላይ እንግዳና አስጎብኚ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። እንግዳው የሚመርጠው ወንዙ ዳር ያለውን ለጥ ያለ መስክ ነው። አስጎብኚው ግን ከዚያ ከፍ ብሎ አንድ ቋጥኝ ወይም የቁጥቋጦ ጥግ ያሳየዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርድና እዚያ ይተኛል። ንጋት ላይ ታችኛው መስክ በውርጭ ነጭ ሲሆን ጥቂት ሜትር ከፍ ያለው ጥግ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ነገር መሬቱ ነው። ሰው ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች በስስ ፍራሽ ከተኛ ሙቀቱን መሬት ይጠጣበታል፤ ስለዚህ ትርፍ ልብስ ካለ ከበታች ይነጠፋል። ሦስተኛው እንግዶችን ሁልጊዜ ይገርማቸዋል፦ የድንኳኑ መተንፈሻ በብርድ ጊዜም አይዘጋም። ከተዘጋ የሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጠራል፤ ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠዋት ድንኳኑ ሲነካ ፊት ላይ ይረግፋል፤ ስሊፒንግ ባጉም ይረጥባል። የረጠበ ስሊፒንግ ባግ ደግሞ አያሞቅም።

ቀን ያላበ ልብስ ከመኝታ በፊት ይወልቃል፤ ለመኝታ ብቻ የተያዘ ደረቅ ካልሲና ቱታ ይለበሳል። ፈልቶ በኮዳ የተሞላ ውኃ ካልሲ ተጠልቆለት እግር ሥር ይገባል፤ ሲነጋ ያልረጋ የሚጠጣ ውኃም ይሆናል። ባትሪና ስልክ አብረው ያድራሉ፤ ብርድ ቻርጃቸውን ይጨርሰዋልና። እራት ላይ ቅባት ያስፈልጋል። ለዚህ ከባሌ ጭኮ የሚበልጥ አላየሁም። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ቀናት ይቆያል፣ እሳት አይጠይቅም፣ ትንሽ ጉርሻው ብዙ ሰዓት ያቆያል። ከመተኛት በፊት ጥቂት ጎርሶ ሻይ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚያቃጥለው ነዳጅ ያገኛል።

ከዌብ ሸለቆ በኋላ የሚጠብቀው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ጅብራ በየቦታው ቆሟል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ነፋሱ ማደሪያ አይሰጥምና ብዙዎች ቀኑን ተሻግረውት ይውላሉ። በደቡብ በኩል አምባው በድንገት ያልቅና የሐረና ጫካ ይጀምራል። ቁልቁለቱ መጀመሪያ በውጨና ዛፎች ውስጥ ያልፋል፤ ሽበት የመሰለ ሊከን ቅርንጫፋቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጉሙ በመካከላቸው ይመላለሳል። ቀጥሎ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያም ቀርከሃ ይመጣል፤ የባሌ ጦጣ ዋና ምግቡ ይህ ቀርከሃ ነው። ጫካው ወደ ታች ወርዶ ወርዶ ቡና በዱር ወደሚበቅልበት ዝቅተኛ ክፍል ይደርሳል። ትልልቆቹ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል።

ጫካ ውስጥ የብርዱ ጠባይ ይለወጣል። የዛፉ ጣሪያ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ስለሚያስቀር ሌሊቱ እንደ ሳነቴ አይጨክንም፤ እርጥበቱ ግን ይብሳል። ካልሲ በገመድ ላይ አይደርቅም። አስጎብኚው እዚህ ከመሬቱ በፊት ቀና ብሎ ያያል፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ካለበት ዛፍ ሥር ድንኳን አይተከልም። ምግብ ድንኳን ውስጥ አያድርም። ሐረና የነብርና የአንበሳ ቤት ነው፤ ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው ባትሪ ይዞ፣ ድምፁን እያሰማ ይወጣል።

እንግዶች ሁሉ የሚጠይቁት እሳት ነው። በርዶት የደከመ ሰው ትልቅ እሳት ቢመኝ አይፈረድበትም። ሆኖም ጥሩ አስጎብኚ በቡታ ጋዝ ያበስላል እንጂ እንጨት አያስቆርጥም። በጋ የቃጠሎ ወቅት ነው። ከብት አርቢዎች ለከብቶቻቸው ለምለም ሣር እንዲያወጣ ብለው ውጨናውን የማቃጠል የቆየ ልማድ አላቸው፤ ውጨናም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ነገር ግን በድርቅ ዓመት እሳቱ ከእጅ ይወጣል። በ1992 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ቃጠሎ ሰፊ ደን በልቷል፤ በሰው ብርታት ብቻ የሚጠፋም አልነበረም። ከዚህ ተራራ የሚነሡት ወንዞች፣ ዌብና ሌሎቹ፣ እስከ ሶማሊያ ቆላ ድረስ ለሚኖር ሕዝብና ከብት ውኃ ያደርሳሉ፤ ውኃውን አጥምዶ ቀስ እያለ የሚለቀው ደግሞ ይህ ሥሩ የተያያዘ ደን ነው። ስለዚህ አስጎብኚው እሳት ሲከለክል እንግዳውን ማስቀየሙን ይቀበላል፤ እኔም ከጎኑ ነኝ።

ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ከጫካው መሐል ባለችው በሪራ መንደር ወይም ከእሷ በታች ነው፤ መኪና በጎባና በደሎ መና መካከል ባለው መንገድ ይገኛል። እንግዳው በሰዓታት ውስጥ ጎባ ገብቶ ሞቃት ውኃ ያገኛል። ባለፈረሱ ግን ፈረሶቹን ይዞ ያንኑ አምባ በእግሩ ተሻግሮ ወደ ዲንሾ ይመለሳል። ገና ከዲንሾ ሳይነሡ ዋጋ ሲነጋገሩ የመመለሻ ቀኖቹ አበልና የፈረሶቹ ገብስ አብረው ይታሰቡ፤ በመንገዱ የሚያድርበት ወፍራም ብርድ ልብስ መያዙንም ተጓዡ ራሱ ይጠይቅ።