ምድጃው ሲገጠም መመረግ አለበት

ልደታ ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ እንጀራ የሚጋገረው በጋራው ማድ ቤት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ የስምንት ወር ልጇን አዝላ፣ «ሲስተር፣ አዲሱ ምድጃ በጭስ ሊፈጀን ነው» ብላ ጠራችኝ። ሕፃኑ ያስላል።

የገዛችው ምርጥ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ በአገራችን የተቀረጸ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በብረት ቅርጽ እየተደረገ ይሠራል። ብልሃቱ ወጥ አለመሆኑ ነው። ስድስት ቁራጭ አለው፤ አራቱ ሲገጠሙ ምጣድ የሚሸከም ክብ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ጭሱ በሚወጣበት በኩል ቆመው ድስት ይይዛሉ። ወጥ ቢሆን ኖሮ ማን ተሸክሞት ከገበያ ቤቱ ይደርስ ነበር? በቁራጭ ስለሆነ ግን ባለሙያ ሳይጠራ ቤት ውስጥ ይገጠማል።

ጎረቤቴ ቁራጮቹን አጋጥማ አቆመቻቸው እንጂ ክፍተቱን አልመረገችውም። ነበልባሉም ጭሱም በጎን ይወጣል። ጭቃ አቡክተን መገጣጠሚያዎቹን መረግን፤ ምጣዱንም አስተካክለን ጣድን።

በነርስነት ዘመኔ ጭስ ያሳላቸውን እናቶች፣ ጉልቻ ሥር የተቃጠሉ ሕፃናትን አክሜያለሁ። ምርጥ ምድጃ እሳቱን ይከልላል፤ በደንብ ከተገጠመ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ጭስን ግን ጨርሶ አያጠፋም። ስለዚህ በርና መስኮት ይከፈት፣ እንጨቱ ደረቅ ይሁን፣ ሕፃን ታዝሎ አይጋገር።

ጭቃው ከደረቀ በኋላ ጎረቤቴ ስትጋግር ሕፃኑ እኔ ቤት ተኝቶ ነበር። ሳሉ ካልተወው ሰኞ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን።