ሳይዘጋ የቀረ በር፦ ክፍት ፕሮክሲ ሰርቨሮች በበይነ መረብ ላይ እንዴት ይገኛሉ?

ባለፈው ኅዳር ወር ስለ ሰሊጥ ግብይት ዘገባ ለመሥራት ወደ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አቅንቼ ነበር። የዩኒየኑ የግብይት ባለሙያ ስለ ምርቱ መጠንና ስለ ዋጋው ከማውራታቸው በፊት ሌላ ጭንቀት አነሡልኝ። ለገዥ ድርጅት በኢሜይል የላኩት የዋጋ ማቅረቢያ በተደጋጋሚ እየተመለሰባቸው ነበር። ገዥው "አልደረሰኝም" ይላል፤ እርሳቸው ደግሞ "ልኬያለሁ" ይላሉ። ቀኑ ይሄዳል፤ ሰሊጡ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል።

በመጨረሻ የተጠራው የኮምፒውተር ቴክኒሻን ችግሩን ያገኘው ኢሜይሉ ላይ አልነበረም። በቢሮው ጥግ፣ ከፋይል መደርደሪያው በላይ በተቀመጠው ራውተር ላይ ነበር። ራውተሩ ማንም እንዲያልፍበት ክፍት ሆኖ ለወራት ቆይቷል። ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች በእርሱ በኩል አይፈለጌ መልእክት ሲልኩ ኖረዋል። በዚህም ምክንያት የዩኒየኑ አድራሻ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎች በሚጠቀሙበት የጥርጣሬ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

"እኛን ማን ያውቀናል? ከዚህች ትንሽ ከተማ ድረስ ማን ፈልጎ አገኘን?" ሲሉ ባለሙያው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት ስለ አፈርና ስለ ሰብል ነው። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ተመለሰ። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዩኒየኑን በስሙ ፈልጎ ያገኘው ማንም የለም። በበይነ መረብ ላይ ያለው አድራሻ ሁሉ አንድ በአንድ ስለሚንኳኳ የእነርሱም በር ተንኳኳ፤ ክፍት ሆኖም ተገኘ።

ፕሮክሲ ሰርቨር ምንድን ነው?

አንድ ሰው ራሱ ገበያ መውጣት ባይፈልግ ሌላ ሰው ይልካል። ሻጩ የሚያየው የተላከውን ሰው ፊት እንጂ የላኪውን አይደለም። ፕሮክሲ ሰርቨርም በበይነ መረብ ላይ እንዲህ ያለ መልእክተኛ ነው። ተጠቃሚው ወደ አንድ ድረ ገጽ መሄድ ሲፈልግ ጥያቄውን ለፕሮክሲው ይሰጣል፤ ፕሮክሲውም በራሱ አድራሻ ሄዶ ገጹን ያመጣለታል። ድረ ገጹ በጎብኚነት የሚመዘግበው የፕሮክሲውን አድራሻ ነው።

ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች አንድን የበይነ መረብ መስመር ለብዙ ሠራተኛ ለማካፈል፣ በተደጋጋሚ የሚጎበኙ ገጾችን አስቀምጦ ወጪ ለመቆጠብ፣ እንዲሁም ሠራተኞች የሚገቡባቸውን ድረ ገጾች ለመቆጣጠር ይጠቀሙበታል። ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚታወቀው ስኩዊድ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ይገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው መልእክተኛው የጌታውን ትእዛዝ ከሌላው መለየት ሲያቅተው ነው። ፕሮክሲው "አንተ ማን ነህ?" ብሎ ሳይጠይቅ ከዓለም ዙሪያ ለመጣ ሁሉ የሚላላክ ከሆነ "ክፍት ፕሮክሲ" ይባላል። አጥር እንደሌለው ማሳ ነው፤ የጎረቤትም ከብት፣ የመንገደኛም ከብት ይገባበታል።

አድራሻውና በሩ

ከበይነ መረብ ጋር በቀጥታ የተገናኘ መሣሪያ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት አራተኛው የአድራሻ ሥሪት አራት ቁጥሮችን በነጥብ እየለየ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በዚህ ስሌት ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች በጠቅላላ 4,294,967,296 ናቸው። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል እንጂ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው፤ የነገሩም ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

አድራሻዎቹ ለየአህጉሩ በጥቅል ይከፋፈላሉ። የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው መቀመጫውን በሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ነው። የትኛው ጥቅል ለየትኛው የቴሌኮም ድርጅት እንደተሰጠ ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ ያሳያል። ስለዚህ አንድ ሰው የአንድን አገር ወይም የአንድን ድርጅት አድራሻዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለይቶ ማወቅ ይችላል።

በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ ደግሞ "ፖርት" የሚባሉ ከ65 ሺህ በላይ በሮች አሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳሉ የአገልግሎት መስኮቶች ልናስባቸው እንችላለን፤ በአንዱ መዝገብ ቤት፣ በሌላው ገንዘብ ያዥ ይቀመጣል። ፕሮክሲዎችም የለመዷቸው መስኮቶች አሏቸው። ስኩዊድ ያለ ለውጥ ሲጫን በ3128 ላይ ይቆማል፤ 8080 እና 1080ም በሰፊው የሚታወቁ የፕሮክሲ በሮች ናቸው። ፈላጊው በሮቹን ሁሉ ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ እነዚህን ጥቂቶቹን ብቻ በየአድራሻው ቢሞክር ይበቃዋል።

ቅኝቱ እንዴት ይካሄዳል?

ሥራው ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ የቅኝት ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አድራሻ "እንገናኝ?" የሚል አጭር መልእክት ይልካል። ከሦስት መልሶች አንዱ ይመጣል፦ "እሺ"፣ "አይሆንም"፣ ወይም ዝምታ። ዝምታው በዚያ አድራሻ ላይ መሣሪያ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ፋየርዎል መልእክቱን ውጦት ሊሆንም ይችላል። ፕሮግራሙ "እሺ" ያሉትን ብቻ መዝግቦ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ደረጃ ፈተና ነው። "እሺ" ያለ በር ሁሉ ፕሮክሲ አይደለም፤ ተራ ድረ ገጽ ወይም የደኅንነት ካሜራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈታሹ ይዘቱን አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ገጽ እንዲያመጣለት መሣሪያውን ይጠይቀዋል። ገጹ ሳይለወጥ ከመጣና በገጹ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ የመሣሪያው አድራሻ ከታየ፣ ክፍት ፕሮክሲ ተገኘ ማለት ነው። በዚያው ፈተና ፕሮክሲው የላኪውን እውነተኛ አድራሻ አሳልፎ ይስጥ ወይም ይደብቅ እንደሆነ ይለያል። ውጤቱ በዝርዝር ተጽፎ ይሸጣል ወይም በነፃ ይሰራጫል። ባለቤቶች በሩን ሲዘጉና አድራሻዎች ሲቀያየሩ ዝርዝሩ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ቅኝቱ ያለማቋረጥ ይደጋገማል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ፈጣን መስመር ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ በመጠቀም የዓለምን የአራተኛ ሥሪት አድራሻዎች በሙሉ፣ ለአንድ በር፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ መቃኘት እንደሚቻል አሳዩ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው እስኪደርስ የዓለም በር ሁሉ አንድ ጊዜ ተንኳኩቶ ያልቃል እንደማለት ነው። ከዚህ በኋላ የቦታ ርቀት መደበቂያ መሆኑ ቀርቷል። የገጠር ከተማ ራውተርም የትልቅ ባንክ ሰርቨርም በዚያው 45 ደቂቃ ውስጥ እኩል ይንኳኳሉ።

የሚያንኳኳው ማን ነው?

የሚያንኳኳ ሁሉ ሌባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሾዳን ከበይነ መረብ ጋር የተገናኙ መሣሪያዎችን እየቃኘ የሚመዘግብ መፈለጊያ ነው። ሻዶውሰርቨር የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ደግሞ አድራሻዎችን በየዕለቱ ይቃኛል፤ ያገኘውን ክፍተት ለኔትወርኮቹ ባለቤቶችና ለየአገሩ የሳይበር ድንገተኛ ምላሽ ቡድኖች በነፃ ያሳውቃል። ዊኪፔዲያም በክፍት ፕሮክሲ በኩል የሚመጡ አርታዒዎችን ያግዳል።

ሌሎቹ ግን ክፍቱን በር ለጥፋት ይፈልጉታል። አይፈለጌ መልእክት ይልኩበታል፤ የተሰረቁ የይለፍ ቃሎችን በሰዎች አካውንት ላይ ይሞክሩበታል፤ ማንነታቸውን ደብቀው ያጭበረብሩበታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታየው ክስተት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። የላትቪያው ሚክሮቲክ ኩባንያ በራውተሮቹ ላይ የተገኘን የደኅንነት ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ በሚያዝያ ወር አወጣ። ይሁንና ብዙ ባለቤቶች ማሻሻያውን አልጫኑም። በመስከረም ወር የቻይናው ቺሁ 360 ኩባንያ ተመራማሪዎች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ወደ ፕሮክሲነት የተለወጡ ወደ 239 ሺህ የሚጠጉ አድራሻዎችን አገኙ። መድኃኒቱ ለወራት በእጅ ነበር፤ የጎደለው መድኃኒቱን የሚሰጥ ሰው ነው።

በሩን ከውስጥ የሚከፍተው መተግበሪያ

በስልክ ብቻ በይነ መረብ የሚጠቀም ሰው "ይህ እኔን አይመለከተኝም" ይል ይሆናል። በብዙ አገሮች የሞባይል ተጠቃሚዎች አንድን አድራሻ በጋራ ስለሚጠቀሙ ከውጭ የሚያንኳኳ ሰው እያንዳንዱን ስልክ በቀጥታ አያገኘውም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሩ ከውስጥም ሊከፈት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር "911 ኤስ 5" የተባለ መረብ መበተኑን አስታወቀ። መረቡ ነፃ በሚባሉ የቪፒኤን ፕሮግራሞች ውስጥ ተሸሽጎ የሰዎችን ኮምፒውተር ወደ ፕሮክሲነት ይለውጥ ነበር። በዚህ መልኩ የተሰበሰቡት አድራሻዎች ከ19 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ የመረቡ አስተዳዳሪዎች በእነዚያ አድራሻዎች መጠቀም ለሚፈልጉ ወንጀለኞች አገልግሎቱን በክፍያ ያቀርቡ ነበር። በአገራችን ማኅበራዊ መገናኛዎች በተገደቡባቸው ጊዜያት ነፃ ቪፒኤን በስልኩና በኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው ብዙ ነው። ምንጩ ያልታወቀውን ፕሮግራም ማጥፋት ዛሬም አልረፈደም።

የጉዳቱ ተሸካሚ

በክፍት ፕሮክሲ በኩል የተፈጸመ ጥፋት ሲመረመር በመጀመሪያ የሚገኘው የፕሮክሲው ባለቤት አድራሻ ነው። ሌባው አልፎ ይሄዳል፤ ዱካው የሚቀረው በባለቤቱ ደጅ ነው። አድራሻው በጥርጣሬ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ኢሜይል ይመለሳል፤ መስመሩ በሌላ ሰው ሥራ ስለሚጨናነቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ክፍያው በመጠን ከሆነም ወጪው ይንራል። ከዚህ የከፋው ግን ፕሮክሲው ወደ ውስጥም ሊላላክ መቻሉ ነው። የውጭ ሰው በእርሱ በኩል የቢሮውን ካሜራ፣ ማተሚያ፣ የሒሳብ ኮምፒውተር ሊደርስበት ይችላል።

በነፃ ዝርዝር ላይ ያገኘውን ፕሮክሲ የሚጠቀም ሰውም አይድንም። መልእክተኛው የተሰጠውን ደብዳቤ ማንበብ ይችላልና፣ ያልተመሰጠረ መረጃ ሁሉ በፕሮክሲው ባለቤት እጅ ይወድቃል። አንዳንዱ ክፍት ፕሮክሲ ሆን ተብሎ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። በሕግ በኩልም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀልነት ይደነግጋል። የጎረቤት በር ክፍት ሆኖ መገኘቱ "ግቡ" የሚል ፈቃድ አይደለም።

ምን እናድርግ?

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ራውተሩና ካሜራው ከፋብሪካ ይዘውት የመጡትን የይለፍ ቃል መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ ነበር። ቀጥሎ አምራቹ የሚያወጣቸውን ማሻሻያዎች በየጊዜው መጫን፣ ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማስተዳደርን የሚፈቅደውን አማራጭ መዝጋት ያስፈልጋል።

ፕሮክሲ የማያስፈልገው መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን ጨርሶ ያጥፋው። የሚያስፈልገው ደግሞ ለቢሮው ውስጣዊ አድራሻዎች ብቻ እንዲሠራና የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርገው። ከዚያ በኋላ ቴክኒሻኑ የቢሮውን አድራሻ ከቢሮው ውጭ ባለ መስመር ያንኳኳው፤ ከውስጥ ሆኖ መፈተሽ ከውጭ የሚታየውን አያሳይም። ሌላው ሰው በ45 ደቂቃ የሚያየውን በር ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል።

ወደ ዩኒየኑ ልመለስ። ቴክኒሻኑ ፕሮክሲውን ለመዝጋት የፈጀበት ጊዜ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል ነው። አድራሻው ከጥርጣሬ መዝገብ እስኪሰረዝ ግን ቀናት አለፉ። የዋጋ ማቅረቢያው ገዥው ዘንድ ሲደርስ ገዥው ከሌላ አቅራቢ ጋር ተዋውሎ ነበር። ሰሊጡ ቆይቶ ለሌላ ገዥ ተሸጧል፤ በአነስተኛ ዋጋ።

በቅርቡ ስደውልላቸው ባለሙያው ከራውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት መለጠፋቸውን ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ የይለፍ ቃሉ የተለወጠበት፣ ማሻሻያው የተጫነበትና በሩ ከውጭ የተፈተሸበት ቀን በየወሩ ይሞላል። "የመጋዘኑን ቁልፍ በየማታው እናያለን፤ ይህንን ግን በር መሆኑን አናውቅም ነበር" አሉኝ።