ስንዴው ከጎተራ፣ ዳቦው ከከተማ እስከ መቼ?
የደቡብ ወሎ የገና ድፎና ጭኮ ለማኅበራት ምን ያስገኛል?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ ሁለት ዓይነት ጭነት ሲተላለፍ ያያል። አንደኛው ከደጋው ወረዳዎች ወደ ከተማ የሚገባው አዲስ ስንዴ ነው። ሁለተኛው ከከተማ ወደ ገጠር የሚመለሰው ዱቄት፣ ብስኩትና የፉርኖ ዳቦ ነው። ገበሬው አዝመራው በገፍ ለገበያ በሚቀርብበትና ዋጋው ዝቅ በሚልበት ሳምንት ስንዴውን ይሸጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ለገና በዓል ዱቄቱንና ዳቦውን በችርቻሮ ዋጋ መልሶ ይገዛል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የወፍጮ፣ የቅመም፣ የማገዶና የጋጋሪዋ ሙያ ዋጋ ነው። የማኅበር መሪዎች ከመኸሩ ሥራ ጋር አብረው ሊያስቡበት የሚገባው ጉዳይ ይኸው ልዩነት ለማን ይግባ የሚለው ነው።

ለገና የሚሆን ጣፋጭና ቅመም ያለው ነገር በየአገሩ ይዘጋጃል። በጀርመን አገር የኑርንበርግ ከተማ በማር፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በዝንጅብል የሚጋገር የገና ኬክ አላት። ከተማዋ ይህን ሙያ ከ600 ዓመት በላይ ይዛ የቆየችው በሁለት ምክንያት ነው፦ በዙሪያዋ ባለው ደን ማር በብዛት ይገኝ ነበር፤ የቅመም ነጋዴዎችም በእርሷ በኩል ያልፉ ነበር። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ ገበያ በከተማዋ ስም የሚሸጠው ኬክ እዚያው የተጋገረ ብቻ እንዲሆን በሕግ ተጠብቆላታል። የእኛዎቹ ደሴና ኮምቦልቻም ከዚህ የራቁ አይደሉም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣውና በባቲ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት ኮምቦልቻ ላይ ነው። የሰኞው የባቲ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ደገኛውንና ቆለኛውን ሲያገናኝ ኖሯል። የጃማና የወረኢሉ ስንዴ፣ የለጋምቦ ገብስ፣ የቆላው ቅቤ፣ የደጋው ማር ሁሉም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ነው። የጎደለው ወረት አይደለም ለማለት ባይቻልም፣ ከወረቱ ይበልጥ የጎደለው ዝግጅት ነው።

በአገራችን ለገና የሚቀርበው ዋናው ድፎ ዳቦ መሆኑን ማንም ያውቃል። ቆራርጦ በሰፌድ ለማቅረብ፣ ለጎረቤት ለመላክና በወረቀት ጠቅልሎ ለመሸጥ የሚመቸው ግን ጭኮ ነው። ከሁለቱ መጀመሪያ ስለ ድፎው እንናገር።

ለድፎ የሚሆነው የዳቦ ስንዴ ነው። ዱረም የሚባለው የማካሮኒ ስንዴ ለንፍሮና ለቂንጬ ቢመሰገንም ሊጡ እንደ ዳቦ ስንዴ አይለጠጥም፤ ኩፍ ማለቱም ያነሰ ነው። በኅዳር ያለወቅቱ ዝናብ ወርዶበት በነዶው ላይ ያጎነቆለ ስንዴ ደግሞ፣ ምንም ያህል ቢለፋበት፣ መሀሉ የሚያጣብቅ ዳቦ ይሆናል። ስለዚህ ለበዓል የሚቀመጠው ስንዴ ዝናብ ሳይነካው የተወቃው መሆን አለበት። ለሦስት ኪሎ ዱቄት ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ድንብላልና ጨው ይበቃል። ቅመም ሲበዛ ዳቦው የሚያምር የሚመስላቸው አሉ፤ ነጭ አዝሙድ ሲበዛ ግን ይመራል እንጂ አያምርም።

እዚህ ላይ ሐረጎን የወጣና የወረደ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በታኅሣሥ ሌሊት ጦሳ ሥር የተቦካ ሊጥ በብርድ ምክንያት ኩፍ ሳይል ያድራል። ያው ሊጥ ኮምቦልቻ ቢቦካ ከእኩለ ሌሊት በፊት ኩፍ ብሎ ጧት ኮምጥጦ ይገኛል። ስለዚህ ደሴ ላይ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ማሳደር፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ እርሾውን ቀንሶ ማታ ዘግይቶ ማቡካት ይገባል። በሁለቱ ከተማዎች ለመሸጥ አንድ ዓይነት ዳቦ የሚያቀርብ ማኅበር የቡኮውን ሰዓት እንደየቦታው ካልለየ፣ አንዱ ጋ እንደ ቂጣ የደረቀ፣ ሌላው ጋ የኮመጠጠ ዳቦ ይዞ ገበያ ይወጣል። ደንበኛ አንድ ጊዜ ከተማረረ በሚቀጥለው በዓል አይመለስም።

የጾሙ ጉዳይም አለ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ዳቦው የሚጋገረው ገና በጾሙ ውስጥ ነው፤ የሚቆረሰው ግን ጾሙ ሲፈታ ነው። በዚህም የተነሳ ለሽያጭ የሚቀርበው ድፎ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያልገባበት፣ በዘይት ብቻ የታሸ ቢሆን በጾሙም ውስጥ ሊሸጥ ይችላል። ገና በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ቢውልም፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል። አንድ ቀን ዘግይቶ የወጣ ዳቦ ደግሞ የማኅበሩ አባላት ራሳቸው የሚበሉት ዳቦ ነው።

በደቡብ ወሎ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነው። ሥጋ በየቤቱ ተለይቶ ሲበላ፣ ዳቦና ጭኮ ግን በገናም በዒድም ከቤት ወደ ቤት ይሻገራሉ። ለዚህ ነው ማኅበሩ እርሾውን ከጠላ ዝቃጭ እንዳይወስድ የሚመከረው፤ ከዱቄት ለብቻው የተያዘ እርሾ ማንም ቤት ይገባል። የዒድ በዓላትና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደሙ ስለሚመጡ፣ አንድ ጊዜ የተቋቋመ የመጋገሪያ ቤት የሚሠራው በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ አይሆንም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጭኮው እንመለስ። ጭኮ በሸዋ፣ በአርሲና በባሌ የታወቀ የበዓልና የመንገድ ስንቅ ነው። የሚሠራውም ከበሶ ነው። የወሎ ደጋ ገብስ አብቃይ ስለሆነ በሶ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እንዲያውም በልግ በሚያበቅሉት ቀበሌዎች ገብሱ በሰኔና በሐምሌ ስለሚታጨድ፣ ገና ሲደርስ በጎተራ ውስጥ ደርቆ ይጠብቃል። መኸሩ ባይደርስም ለበሶ የሚሆነው አለ።

ገብሱ ተለቅሞ ይሸከሸካል፤ ገለባው ተነፍቶ ይታመሳል። የማመሱ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያረረ ገብስ በሶውን ያመረዋል፤ ያልበሰለውም ሆድ ይነፋል። ከዚያ ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል። ለሁለት ኪሎ በሶ አንድ ኪሎ ያህል ንጥር ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማና አንድ ማንኪያ ጨው ይገባል። ጥቁር አዝሙድ ወይም ትንሽ በርበሬ የሚጨምሩም አሉ። ቅቤው ለብ ሲል በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰበት በእጅ ይታሻል። በሶው በመዳፍ ሲጨበጥ ከተያያዘ፣ ሲለቀቅም ካልፈረሰ ደርሷል። በባህሉ በሳህን ወይም በጣባ ይቀርባል። ለገበያ ግን በንጹሕ ጣውላ ፍሬም ውስጥ ጠፍጥፎ ማሳደርና ጧት በቢላዋ በእኩል መጠን መቁረጥ ይሻላል። በቢላዋ የተቆረጠ ነገር በሚዛን ይታያል፤ በሚዛን የታየ ነገር ደግሞ አያጨቃጭቅም።

ጭኮ ሳይበላሽ ለሳምንታት የሚቆየው ውሃ ስለሌለበት ነው። ሻጋታ ያለ እርጥበት አያድግም። በሶው በእሳት ደርቋል፤ ቅቤውም ሲነጠር ውሃው ተኖ ዝቃጩ ተለይቷል። ነገር ግን አንዲት እርጥብ ማንኪያ ሙሉውን ዕቃ ልታበላሽ ትችላለች። የዳቦውም ነገር እንዲሁ ነው። ይህ ጸሐፊ አንድ ዓመት ገና ሳይቀዘቅዝ በላስቲክ የጠቀለለውን ድፎ ለዘመድ ይዞ ሄዶ፣ በሦስተኛው ቀን ሲፈታ አረንጓዴ ሆኖ አግኝቶታል። ባለቤቲቱ ደግ ስለነበረች ምንም አላለችም፤ ዳቦውን ግን ለከብት ሰጠችው። ዳቦ በሰፌድ ላይ ሙሉ ለሙሉ ሳይቀዘቅዝ መጠቅለል የለበትም። በኮምቦልቻ ሙቀት ጭኮው ስለሚለሰልስ ለዚያ ገበያ ቅቤውን ጥቂት መቀነስና ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የጭኮ ትልቁ ወጪ ቅቤው ነው፤ ትልቁ ሥጋትም እዚያው ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ በየገበያው ስለሚገኝ ገዢው ተጠራጣሪ ሆኗል። ይህ ጥርጣሬ ለነጋዴው ጉዳት ሲሆን ለማኅበር ግን ዕድል ነው። ከአባላት ላም የተገኘ ቅቤ፣ በአባላት ፊት የተነጠረ፣ በማኅበሩ ማህተም የተጠቀለለ ጭኮ ገዢ አያጣም። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀላቀለ ቅቤ ካለፈ ግን ማህተሙ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቅቤ የሚረከበው ኮሚቴ ከሚነጥሩት ሴቶች መካከል ቢመረጥ ይበጃል፤ የቅቤን ነገር ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሊቀ መንበር አይገኝምና።

ቅመሙን በተመለከተ ኮረሪማ የሚመጣው ከከፋ፣ ከጋሞና ከጎፋ ወገን ስለሆነ መግዛት ግድ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና ድንብላል ግን በአማራ ክልልም የሚመረቱ ናቸው። ከማሳው ዳር ጥቂት መደብ ለእነዚህ የሰጠ ማኅበር የበዓሉን ቅመም ከራሱ ያገኛል። ዝንጅብል ለመጨመር ያሰበ ደግሞ፣ በ2004 ዓ.ም. የአጠውልግ በሽታ በደቡብ የአገራችን ክፍል የዝንጅብሉን ማሳ ምን ያህል እንደጎዳው ያስታውስ። በአንድ ቅመም ላይ ብቻ የተመሠረተ ዝግጅት አያዛልቅም።

ማገዶው ሌላው ጣጣ ነው። ድፎ ከላይም ከታችም እሳት ይፈልጋል፤ በክፍት ጉልቻ ላይ አንዱን ለማብሰል የሚቃጠለው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ሴትዮዋ ከጦሳ ወገብ ተሸክማ የምታወርደው ነው። ሃያ ቤት ለየብቻው እሳት ከሚያነድ በአንድ የጡብ ምድጃ ተራ በተራ ቢጋገር፣ አንድ ጊዜ የጋለው ጡብ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዳቦ ይተርፋል። የከተማው ፉርኖ ቤት ትርፍም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለጡብ አቅም የሌለው ማኅበር ምርጥ ምጣድ በሚባለው በሲሚንቶ በተሸፈነው ምድጃ ሊጀምር ይችላል። ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ተመስክሮለታል። ዳቦ ሲጋገርበት አክንባሎው ላይ ጥቂት ፍም ማድረግ ብቻ ነው የሚጨመረው።

የዋጋውን ነገር በግምት መተው አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ዱቄት ከውሃው ጋር ተጋግሮ ከአንድ ኪሎ ከሩብ በላይ ዳቦ ይወጣዋል። መዝገብ ያዡ የስንዴውን ዋጋ በዚያ ሳምንት ገበያ በሚሸጥበት ልክ፣ የወፍጮውን፣ የቅመሙንና የማገዶውን ወጪ፣ ከዚያም የጋጋሪዎቹን የቀን አበል ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሴቶቹ ቤታቸውን ለቀው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቦኩ አድረው፣ ገንዘቡ የእህሉ ባለቤት ተብሎ በባል ስም ከተከፈለ ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚያቦካ አይገኝም። ጥፋቱም የእነርሱ አይሆንም።

አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሶ በጥቅምትና በኅዳር ብዙ ፋብሪካና መጋዘን ተዘርፎ ነበር። የዚያ ዓመት ገና የደረሰው ከተማዎቹ ከዚያ ከወጡ አንድ ወር ገደማ ሲሆናቸው ነው። ዱቄቱን ሁሉ ከተማ ካለ መጋዘን የሚጠብቅ ቀበሌ እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ላይ እንደሚወድቅ መሪዎች ያውቁታል። በየቀበሌው ጎተራ የተቀመጠ ጥቂት ኩንታል ስንዴና ገብስ፣ ከአንድ ሙቀጫና ከአንድ ምጣድ ጋር፣ ለበዓል ብቻ የሚሆን አይደለም።

ጊዜውን እንዲህ መከፋፈል ይቻላል። ለበሶ የሚሆነው የበልግ ገብስ በጥቅምት ተለክቶ ይለይ። ስንዴው ገና አውድማ ላይ ሳለ፣ ነጋዴው ከመድረሱ በፊት፣ ለገና የሚቀመጠው ኩንታል በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን። ቅቤ ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሮ ይሰብሰብ፤ በጾሙ ወራት ጿሚው ቅቤ ስለማይበላ የገበያው ፍላጎት ይቀዘቅዛል፤ በዓሉ ሲቃረብ ግን ዋጋው ይወጣል። ጭኮው በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሊሠራና ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይችላል። ድፎው ግን ከዋዜማው ሌሊት በፊት አይደፋም። ትዕዛዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶችና ሻይ ቤቶች አስቀድሞ መቀበል፣ ከእያንዳንዱም ቀብድ መያዝ ይገባል። ያለ ቀብድ የተደፋ ድፎ ሳይሸጥ ቢቀር ለሚቀጥለው ገና አይቆይም።