ከሥር ያለችው ጥቁር ነገር

«ከሥር ያለችውን ጥቁር ነገር ብቻ ያጥፉልኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። በእኔ ፎቶ ቤት ቅዳሜ ረፋድ የጉርድ ፎቶ ሰዓት ነው፤ ለፓስፖርት፣ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት የሚነሳው ሁሉ ወረፋ ይይዛል። እሷ ግን ወረፋው እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ያለውን ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ይጠጋል። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ፖስታ እንዲህ የሚያዝ ከሆነና ነጠላ ከተዘቀዘቀ፣ የመጣልኝ ሥራ የአሮጌ ፎቶ እድሳት መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም። የምጠይቀው ቀኑን ብቻ ነው።

«አርባው መቼ ነው?»

«የነገ ሳምንት እሑድ። የእናቴ።»

ፎቶውን አወጣሁት። መዳፍ የምታህል ባለ ቀለም ፎቶ፣ ቀይ ወጥታለች። ሐይቅ ዳር ነው። ነጠላ የለበሰ ሰውዬ፣ ሦስት ልጆች፣ ሳር ላይ የተዘረጋ ጨርቅ፣ ፔርሙዝ፣ ሳህን። ቀኝ ማዕዘኑ ላይ የቡና ጠብታ ደርቋል። ከታችኛው ጠርዝ ተነስቶ እስከ ትንሿ ልጅ እግር ድረስ የተጋደመ ጥቁር ነገር አለ።

«ትንሿ እኔ ነኝ» አለች። «አባታችን ነው፤ እሱም ካረፈ ቆይቷል። ታላላቆቼ ናቸው።»

«እናትሽስ?»

«የለችበትም። የገረመኝም እሱ ነው። በሞተች በሳምንቱ ዕቃዋን ስናነሳ ዳዊቷ ውስጥ አገኘነው። እሷ ያለችበት ስንት ፎቶ እያለ ምን አድርጋው እንደያዘችው እንጃ። ብቻ ካስቀመጠችው ለአርባዋ አሳድገን እናስቀምጠው ብለን ነው።»

እሑድ ስለሚደርስባት እስከ ዓርብ ቀጠርኳት።

የእኔ ሥራ ዛሬ ዛሬ ማንሳት ሳይሆን ማጥፋት ሆኗል ብል አላጋነንኩም። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው። ወደ እኔ የሚመጣው የሚጠፋ ነገር ያለው ነው። የተጣሉትን ሚዜ አጥፋልኝ የሚል አለ። የቀድሞ ባል ከልጅ ክርስትና ፎቶ ላይ እንዲወጣ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ችግሩ ሕፃኑን የታቀፈው እሱ ነበር። አንዲት እትዬ ደግሞ ባለቤታቸው እንጦጦ ማርያም ደጅ የተነሱትን ይዘው መጥተው «ዓይኑን ክፈትልኝ» አሉኝ። ባልየው ዓይናቸውን የጨፈኑት ብልጭታ ሰርቋቸው ሳይሆን እየጸለዩ ነው፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እንኳ ይታያል። «እማማ፣ ከእግዜር ጋር እያወሩ እኮ ነው» ብላቸው «ከኔስ ጋር መቼ ያወራል?» ብለውኝ አረፉት። ከፈትኩላቸው። ዓይኑን ያገኘሁት ከሌላ ፎቶ፣ ከሠርግ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያ ጸሎት መሐል ላይ የተቋረጠ ይመስለኛል።

የአሮጌ ፎቶ እድሳት ግማሹ ምርመራ ነው። ቀለሙን ከመመለሴ በፊት የተነሳበትን ወቅት ማወቅ አለብኝ፤ የመስከረም ሳርና የየካቲት ሳር አንድ አይደለም። ሰዉ ግን ዓመተ ምሕረት ሲጠየቅ ይጠፋበታል። በዓል ሲጠየቅ ነው የሚመለስለት። ልጆቹ ራሳቸው ላይ ቄጤማ ካሰሩ ቅዳሜ ሥዑር ነው። የዘንባባ ቀለበት ጣታቸው ላይ ካለ ሆሳዕና ነው። እጃቸው ላይ አደይ ካለ ልብሱም አዲስ ነው።

የሴትየዋ ፎቶ ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ደብረ ዘይት፣ 1971» ይላል። እዚህ ጋ ትንሽ ቆምኩ። ደብረ ዘይት የዓቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ስም ነው። ቢሾፍቱም በዚያ ዘመን በወረቀት ላይ የሚጻፈው ደብረ ዘይት ተብሎ ነበር። ቦታውን ነው ሰንበቱን? ሐይቁ ቦታውን ያሳብቃል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው በደብረ ዘይት እሑድ ደብረ ዘይት መሄድ ይችላል። ፎቶውን በስካነር አስገብቼ ሳሰፋው መልሱ ሳህኑ ላይ ተገኘ። የተላጠ እንቁላል። ልጆቹ ብቻ ቢበሉት ኖሮ አላምንም ነበር፤ ልጅ ጾምም ቢሆን ይበላል። ግማሹን ነክሶ የያዘው ግን ነጠላ የለበሰው አባትየው ነው። ጾሙ እኩሌታ ላይ የደረሰ ሰው፣ ያውም ከነነጠላው፣ ሐይቅ ዳር እንቁላል አይነክስም። ስለዚህ ቦታው ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ምናልባት ሆራ።

ነጠላው ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የሄዱት።

ይኼ የዚያን ዘመን የሽርሽር ደንብ ነው። የአሁኑ ልጅ ለሽርሽር ለብቻው፣ ለቤተ ክርስቲያን ለብቻው ይለብሳል። ያኔ እሑድ አንድ ቀን ነበር፤ ጠዋት ተቀድሶ፣ ጠበል ተጠጥቶ፣ በዚያው ልብስ መኪና ያለው ዘመድ ላይ ተጭኖ ወደ ውሃ ዳር። ፊልሙም ይኼንኑ ይመሰክራል። ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ውድ ስለነበር አንድ ቤተሰብ በእንቁጣጣሽ ከጀመረው ፋሲካ ላይ ቢጨርሰው ነው። ስናጥበው ስድስት ስድስት አድርገን እንቆርጠው ነበር። አንዷ ቁራጭ ላይ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳች ሕፃን አፏን ከፍታ ስታለቅስ አያለሁ፤ ቀጥሎ የክርስትና እናቷ፤ ቀጥሎ ካህኑ መስቀል ሲያሳልሙ (መስቀሉ ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው፤ ከግንባር ወደ ከንፈር ሲወርድ የቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ አያስቆመውም)፤ ቀጥሎ፣ በጣት ስፋት ክፍተት ብቻ ተለይቶ፣ አጎትየው ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ በሙታንታ። እነዚህን ቁራጮች ብርሃን ላይ ይዞ ማየት የሚሰለቸኝ ሥራ አይደለም።

ቀይ የሆነበትን ምክንያትም ይጠይቁኛል። የዚያ ዘመን የቀለም ፎቶ ወረቀት ሦስት ማቅለሚያ ነበረው፤ ከሦስቱ ሰማያዊ አረንጓዴው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ቀድሞ ይሞታል፤ የሚቀረው ቀዩና ቢጫው ነው። ለዚህ ነው አልበም ውስጥ በጥንቃቄ የተቀመጠ ሐይቅ ሁሉ ወይን ጠጅ መስሎ የሚገኘው። ዳዊት ውስጥ የኖረም ከዚህ አያመልጥም። ጥቁርና ነጩ ይሻላል፤ በደንብ ከታጠበ ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣል። «ከታጠበ» ነው ያልኩት። ሙያውን የተማርኩት ፒያሳ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያነሱት የአርመኑ የበድሮስ ቦያጂያንና የልጆቻቸው ስም ገና በሚነሳበት ሰፈር። ጌታዬ ፎቶውን ከመድኃኒቱ አውጥተን በውሃ ስናለቀልቅ ቆጥሮ ነበር የሚያስወጣን። ቧንቧ በጠፋ ሳምንት የወጣ ፎቶ ዛሬ ቢጫ ሆኖ ሲመጣልኝ አውቀዋለሁ። ለባለቤቱ አልናገርም እንጂ።

አሁን ወደዚያች ጥቁር ነገር ልመለስ። እሷን ለማጥፋት አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ሳር ነው፤ ከጎን ሳር ወስዶ መሸፈን ነው። እኔ ግን ጥላ አላጠፋም። ይኼ የፎቶ ቤቴ ሕግ የሆነው በራሴ ጥፋት ነው።

አባቴ ዜኒት ካሜራ ነበረው፤ ድንጋይ የሚያህል፣ አንገቱን የሚያጎብጠው። በዓመት አንድ ሁለቴ፣ ቀኑ ሃያ አራት ከሆነና እሑድ ላይ ከዋለ፣ በጓደኛው ቮልስዋገን ሰባት ሆነን ተጠቅጥቀን ደብረ ሊባኖስ እንሄዳለን። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ግን የሚቆጠረው በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪ ነው። ጫንጮ ላይ ታናሽ እህቴ ታስመልሳለች። ቅዳሴው፣ ጠበሉ፣ ከዚያ ወደ ፖርቱጊዞች ድልድይ ሄደን ምሳ። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ከሩቅ ይቀመጡና ዳቦአችንን ይጠብቃሉ፤ እናቴ «የተክልዬ ጎረቤቶች ናቸው» ትልና የራሷን ድርሻ ትጥልላቸዋለች። ከዚያ አባቴ ያሰልፈናል። የዚያ ዘመን የፎቶ ትምህርት አንድ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባህ ትሁን። ስለዚህ ፀሐይ በጀርባው፣ በእኛ ዓይን ትሆናለች። የልጅነት ፎቶዎቼን ያየ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ተጣልተን የሄድን ይመስለዋል፤ አንዳችንም አልሳቅንም፤ ሁላችንም ተጨማድደናል። ምሳ በልተን ስንነሳ ከቀኑ አሥር ሰዓት ስለሚሆን ደግሞ የአባቴ ጥላ ረዝሞ እግራችን ሥር ይደርሳል።

አባቴ ካረፈ በሁለት ዓመቱ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያ ደመወዜ ለፋሲካ ለእናቴ ክፈፍ ገዛሁና ከደብረ ሊባኖሶቹ አንዱን ላስገባላት አሰብኩ። ክፈፉ አጠረ። የጌታዬን የወረቀት መቁረጫ ተጠቅሜ ከሥር ሁለት ጣት ያህል ቆረጥኩት፤ ያቺን ጥቁር ነገር። በሙያዬም ተኮፈስኩ፤ ፎቶው ጸዳ፤ ሰልፉ መሐል ላይ መጣ።

እናቴ ተቀብላኝ አየችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አየችው።

«አባትህን የት አደረግኸው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። «እሱ መቼ ነበረበት?»

ምንም አላለችኝም። ክፈፉን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ነጌቲቩ ቤት ስንቀይር ጠፍቶ ነበር፤ የቆረጥኩትን ቁራጭም ከፎቶ ቤቱ ቆሻሻ ጋር በዚያው ቀን ጥየዋለሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ሱቁን ዘግቼ የሴትየዋን ፎቶ አሰፋሁት። ያባትን ጥላ ልፈልግ ነበር፤ ከልማድ። ግን አባትየው እንቁላሉን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። እንግዲያ ሹፌሩ ይሆናል፣ ወይ መንገደኛ። ጥላውን ከታችኛው ጠርዝ ወደ ራሱ ተከተልኩት። ሁለት ክርኖች ወደ ጎን ወጥተዋል፤ ካሜራ ዓይን ላይ ነው። ከግራው ክርን ሥር ስስ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ዳሩ ሳይቀር በሳሩ ላይ ወድቋል። ነጠላ ነው። እሺ፣ ወንድም ነጠላ ይለብሳል። ራሱ ጋ ስደርስ ግን ክብ ራስ የለም፤ ከትከሻ ወደ አናት እየጠበበ የሚሄድ ክንብንብ ነው። ወንድ ነጠላ ለብሶ አናቱን አይከናነብም።

ደወልኩላት። «እናትሽ ካሜራ ትይዝ ነበር?»

«እማዬ? በጭራሽ። ስልክ እንኳ እኛ ነበርን የምንደውልላት።»

«እስኪ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች፤ አክስቷን መስመር ላይ አድርጋ። የአክስትየውን ድምፅ ሳልሰማ ሳቃቸውን ነበር የሰማሁት። «እሷ ናታ! አባታችሁማ ካሜራ ከያዘ አንገት ይቆርጣል። ሁላችንንም ያለ ጭንቅላት አንስቶን ያውቃል። ያን ቀን እስጢፋኖስ አስቀድሰን ነው የወረድነው፤ ካሜራው ያጎታችሁ ነው። ‹አምጡት፣ ከባድ ነገር መስሏችሁ› ብላ ቀምታ አነሳች። ከዚያ በኋላ ማን ይሰጣታል።»

ሴትየዋ ጸጥ አለች። ቆይታ «ለዚህ ነዋ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

ሐሙስ ሌሊት ጨረስኩት። ሰማያዊውን ለሐይቁ መለስኩ። የታጠፈችበትን መስመር ሞላሁ፤ ዳዊቱ ሲዘጋ የሚሰብራት ቦታ መሆን አለበት። ጥላዋን አላጠፋሁም፤ እንዲያውም ትንሽ አጠቆርኳት። ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የቡና ጠብታም አነሳኋት፤ ቆሻሻ ናት ብዬ።

ዓርብ ከአክስትየው ጋር መጡ። አክስትየው መነጽራቸውን አውጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ፎቶውን አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት። ጥላዋን በጣታቸው ከታች እስከ ራስ ተከተሉ፤ እኔ ማክሰኞ ማታ እንዳደረግሁት። ከዚያ ጣታቸው ወደ ቀኝ ማዕዘን ሄደ፤ እዚያው ቆመ።

«ቡናዋ የታለች?»

«አጠፋኋት፣ እማማ።»

«እሷን እኮ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ታጥቦ የመጣ ቀን፣ እሷ ቤት። ስንት ዓመት ስትነዘንዘኝ ኖራለች።»

የዛሬው ሥራ ከጌታዬ መቁረጫ የሚሻልበት ነገር ይኼ ነው፤ ያነሳሁትን ሁሉ ኮምፒውተሩ ያስቀምጥልኛል። «ቁጭ ይበሉ» ብያቸው ጠብታዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት።