ስለ ስንደዶና ስለ ወገኖቹ ሣሮች፤ ግቢን ለማሳመርና ለስፌት እንዴት እንደሚተከሉ

ቤቱን ማሳመር የሚወድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ጽጌረዳንና ከባሕር ማዶ የመጣውን አበባ ነው። ሣር ለከብት ይታጨዳል፥ በበዓል ቀን ይጐዘጐዛል እንጂ፥ ለውበት ተብሎ ይተከላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በአውሮጳና በአሜሪካ ያሉ አትክልተኞች፥ ዛላው እንደ ምንጭ ውሃ ወደ ላይ ፈልቆ ወደ ጐን የሚያጐነብሰውን ሣር በአበቦች መካከል ይተክላሉ፤ ስሙንም የምንጭ ሣር ይሉታል። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ሣር ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑ ነው።

የዕፀዋት ሊቃውንት ወገኑን ፔኒሴቱም ብለው ሰይመውታል፤ ስሙም ላባና ጠጕር ከሚሉ ከሁለት የላቲን ቃላት የተገኘ ነው። ከዚህ ወገን አንዱ፥ ዛላው ነጭና ለስላሳ የሆነው፥ ትውልዱ በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ስሙን ሮበርት ብራውን የተባለው ሊቅ አወጣለት፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬዜኒዩስ የተባለው የጀርመን ሊቅ መልኩን ገልጾ በመጽሐፍ አሳተመው። ዛሬ በብዙ የአውሮጳ ግቢ ይገኛል። ከጨንቻ አገር ወጥቶ ለእርከንና ለከብት መኖ የሚተከለው ደሾ፥ እንዲሁም የዝሆን ሣር የሚባለው ከዚሁ ወገን ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ለቤታችን የቀረበው ወንድማቸው ስንደዶ ነው። እናቶቻችን ከአክርማ ጋር አጣምረው፥ ከፊሉንም በቀለም ነክረው አለላ አድርገው፥ መሶቡን፥ ሌማቱንና ሙዳዩን በወስፌ የሚሰፉት በዚህ ሣር ነው።

እኛም በሥራ ምክንያት በባሕር ዳር በሰነበትን ጊዜ፥ ስፌት በመስፋት የታወቁ አንዲት ባልቴት ጐረቤት ነበሩን። አንድ ቀን ስለ ስንደዶው ብንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፤ «ጌታዬ፥ እኔ ልጅ ሳለሁ ከደጄ ወጥቼ በመስከረም እመዝዘው ነበር። አሁን ዳር ዳሩ ሁሉ ታረሰ፥ የተረፈውን ከብት ጋጠው። የልጅ ልጄ ግማሽ ቀን ሄዳ አንድ እጅ የማይሞላ ይዛ ትመለሳለች።» እኛም «እናቴ፥ ታዲያ በግቢዎ ለምን አይተክሉትም?» ብንላቸው፥ ሥቀው «ሣር ይተከላል እንዴ አንቱ!» አሉን። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን አሰቡበትና በክረምት መግቢያ ከእኛ ጋር ተከሉ።

አተከሉ ይህ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ ይህን ሣር የሚገድለው ብርቱ ውርጭ አያሰጋትም። ዝናሙም ከሰኔ እስከ መስከረም በሚገባ ይወርዳል። ስለዚህ በሰኔ፥ መሬቱ ከራሰ በኋላ፥ ያደገውን ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ ቈፍሮ አውጥቶ፥ በስለት ሦስት ወይም አራት ላይ መክፈል፤ ቅጠሉን በስንዝር ልክ አሳጥሮ፥ በመካከላቸው አንድ ክንድ እየተዉ መትከል ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው፥ ውሃውም የሚጠልል ቀይ አፈር ይስማማዋል። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ለሐይቁ ውበት ስንል ውሃ በሚተኛበት በመረሬ አፈር ላይ ብንተክለው፥ ነሐሴ ሳያልቅ ሥሩ በስብሶ ጠፋብን፤ ባልቴቲቱ በአጥራቸው ጥግ በተዳፋቱ ላይ የተከሉት ግን ለምልሞ አደገ። ለረግረጉ ስፍራ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና ቄጠማው ይበቃዋል።

ዛላው በወጣ ጊዜ ግማሹን አገዳ ለስፌት መምዘዝ፥ ግማሹን ለዓይን መተው ይገባል። በበጋ ከደረቀ በኋላ፥ አዲሱ ቅጠል ሳይወጣ በግንቦት፥ አንድ ስንዝር አስቀርቶ ማጨድ ነው፤ አለዚያ አሮጌው ገለባ አዲሱን ያፍነዋል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የምንጭ ሣር ዘሩ እንደ ላባ የቀለለ ስለ ሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ለጌጥ ተብሎ ወደ ሐዋይ ደሴቶች በተወሰደ ጊዜ ከአጥር አምልጦ ሜዳውን ወረሰ፤ በደረቀም ጊዜ ለእሳት ቃጠሎ ማገዶ ሆነ። ሩቅ ሳንሄድ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭም፥ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ ስለ አበባው ውበት በሰው እጅ ወደ ብዙ አገር የተዛመተ ተክል ነው። ዓሣ አጥማጁና ባለታንኳው ዛሬም በእርሱ ይቸገራሉ። ስለዚህ የሩቅ አገር ሣር ከማስመጣት፥ በአገሩ ተወልዶ ያደገውን መትከል ይሻላል።

ባልቴቲቱ በሁለተኛው መስከረም ከአጥራቸው ሥር የመዘዙት ስንደዶ ለአንድ ሙዳይ በቃ፤ የሰፋችውም የልጅ ልጃቸው ናት። ግቢ ያላችሁ ወይዛዝርትና መኳንንት ሆይ፥ በመጪው ሰኔ ከጽጌረዳው አጠገብ አንድ መደብ ለስንደዶ ስጡት። ያን ጊዜ ግቢው ያምራል፤ ሴቶች ልጆቻችሁም ስፌቱን ከእናቶቻቸው እጅ ለመማር ሣሩን ፍለጋ አይንከራተቱም።