«በጾታ ምክንያት» የሚለው ቃል በአሜሪካ የሥራ ሕግ

አንድ ሠራተኛ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅር በመሆኑ ከሥራው ቢባረር የአሜሪካ ሕግ ምን ይፈርድለታል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብት ሕግ በሰባተኛው ክፍሉ፣ አሠሪ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳይበድል ይከለክላል። ተመሳሳይ ጾታን ስለሚያፈቅሩት ግን በስም የተናገረው የለም። ስለዚህ ብዙ ፍርድ ቤቶች ለረዥም ዘመን «ሕጉ እነዚህን አይመለከትም» ሲሉ ኖሩ። የዊስኮንሲን ግዛት በ1982 ዓ.ም. ከሁሉ ቀድሞ የራሱን የመከላከያ ሕግ ቢያወጣም፣ ሠራተኛው ወደ ሌላ ግዛት ሲሻገር ጥበቃው ሊቀርበት ይችል ነበር።

ነገሩን ለውሳኔ ያደረሱት ሦስት ሠራተኞች ናቸው። ጀራልድ ቦስቶክ በጆርጂያ ግዛት የክሌይተን አውራጃ ሠራተኛ ነበር፤ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ከሚጫወቱበት የሶፍትቦል ማኅበር ከገባ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ተሰናበተ። ዶናልድ ዛርዳ በኒው ዮርክ የፓራሹት ዝላይ አስተማሪ ነበር። ኤሚ ስቲቨንስ በሚቺጋን በአንድ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት እንደ ወንድ ስትሠራ ቆይታ፣ ከእንግዲህ በሴትነት እኖራለሁ ብላ በጻፈች ጊዜ ተባረረች።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 15 ቀን 2020 ዓ.ም. በ6 ድምፅ ለ3 ፈረደላቸው። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች ምክንያታቸውን እንዲህ አስረዱ፦ ሁለት ሠራተኞች፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት፣ ሁለቱም ወንድን ያፈቅራሉ እንበል። አሠሪው ሴቲቱን ትቶ ወንዱን ብቻ ቢያባርር፣ የመባረሩ ምክንያት ጾታው ነው። የተቃወሙት ዳኞች ግን፣ የ1964ቱ ሕግ አውጪዎች ይህንን አላሰቡም፤ ሕግን ማሻሻልም የምክር ቤት እንጂ የዳኛ ሥራ አይደለም አሉ። የብዙኃኑ መልስ፣ የሚጸናው የተጻፈው ቃል እንጂ የጸሐፊዎቹ ግምት አይደለም የሚል ነበር።

ይሁን እንጂ ጥበቃው ወሰን አለው። ይህ ሕግ የሚሠራው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት አሠሪ ላይ ነው፤ አቤቱታውም በ180 ቀን፣ በአንዳንድ ግዛት በ300 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የፌዴራል ኮሚሽን መቅረብ አለበት። የሃይማኖት ድርጅቶችን ጥያቄም ፍርዱ ለሌላ ጊዜ አቆይቶታል። መዘግየቱም ቀላል አይደለም፤ ዛርዳ በ2014፣ ስቲቨንስም በሜይ 2020 ፍርዱን ሳያዩ ሞቱ።

በአሜሪካ የሚሠሩትን ወገኖቻችንን በትውልድ አገራቸው ምክንያት እንዳይባረሩ የሚጠብቃቸው ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ቃሉ ለአንዱ ሲጠብ ለሌላውም ሊጠብ እንደሚችል፣ ሕግን የምናጠና ሁሉ ልናስብበት ይገባናል።