አሜሪኮር፦ በሰው ሰዓት የሚለካ ግራንት

በአሜሪካ ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት ስለ መንግሥት ግራንት ሲያወሩ ጨዋታው ቶሎ ወደ ገንዘቡ ያዘነብላል። ስንት ይሰጣሉ? ለስንት ዓመት? ማንን እናናግር? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። እኔን ግን ይህን ጉዳይ ያስወደደኝ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ ወዳጆቼ፣ ዛሬ እሱን አጫውታችኋለሁ። አሜሪኮር የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጠው ግራንት ዋና መስፈሪያው ሰው ነው። ስንት ሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ ምን እንዲሠራ ትፈልጋላችሁ? ዶላሩ የሚሰላው ይህ ከተመለሰ በኋላ ነው። ማመልከቻ የሚሞላ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ከያዘ፣ በመጀመሪያ ሲታይ ዱር የሚመስለው ቅጽ መንገዱ ይታየዋል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚያገለግል ሰው 1,700 ሰዓት ይሠራል፤ ይህም አንድ የአገልግሎት ዓመት ይባላል። 900 ሰዓት የሚሰጥ እንደ ግማሽ ይቆጠራል። ከዚያ ዝቅ ያሉ 675፣ 450 እና 300 ሰዓት የሚባሉ ደረጃዎችም አሉ። አሥር የአገልግሎት ዓመት የተፈቀደለት ድርጅት አሥር የሙሉ ጊዜ ወይም ሃያ የግማሽ ጊዜ አገልጋዮች ማሰማራት ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ሥራው ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ የሚያስጠና ፕሮግራም ሰው የሚፈልገው ለጥቂት ሰዓታት ስለሆነ የግማሽ ጊዜው ይስማማዋል።

አገልጋዩስ ምን ያገኛል? በመጀመሪያ የኑሮ ድጎማ አለ። ደመወዝ አይደለም፤ በሰዓት ተባዝቶም አይከፈልም። አገልግሎቱን ሲጨርስ ደግሞ የትምህርት ሽልማት ይሰጠዋል። መጠኑ ፔል ግራንት ከሚባለው የተማሪዎች ድጋፍ ጣሪያ ጋር እኩል እንዲሆን በሕግ የታሰረ ሲሆን፣ በ2024 ለሙሉ ጊዜ 7,395 ዶላር ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ለኮሌጅ ክፍያ ወይም የትምህርት ብድሩን ለመቀነስ ያውለዋል። እኔ በጣም የምወደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ አገልግሎቱን ሲጀምር ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ የነበረ ሰው ሽልማቱን ለልጁ ወይም ለልጅ ልጁ ማስተላለፍ ይችላል። ጡረታ የወጡ አንዲት እናት በአንድ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሲያስነብቡ ከርመው፣ የልጅ ልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ ሲያግዙ አስቡት!

በዚህ ዘርፍ ለማገልገል የአሜሪካ ዜጋ ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው መሆን ያስፈልጋል። በዲቪ የመጣና ግሪን ካርዱን የያዘ ሰው ይችላል ማለት ነው፤ ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። ብዙዎች ይህን ስለማያውቁ በሩን ሳያንኳኩ ይቀራሉ።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ከእኛም ሀገር ጋር ይገናኛል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች ሀገሮች የሚልከውን ፒስ ኮርን አቋቋሙ፤ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በጎ ፈቃደኞች ኃላፊ ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩ የዚያ ዘመን ሰዎች የፒስ ኮር መምህራኖቻቸውን እስከ ዛሬ በስም ያስታውሳሉ። ዎፎርድ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሴናተር ሆኑ። በዚያ ዘመን፣ በ1993፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተን አሜሪኮርን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ፤ የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮችም በ1994 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በ1995 መሥሪያ ቤቱን እንዲመሩ የተሾሙት እኚሁ ዎፎርድ ነበሩ። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የወጣት አገልግሎት ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው ሥራውን በሀገራቸው ውስጥ ያስፋፉት።

ወደ ማመልከቻው እንመለስ። ፕሮግራሙ በአንድ ስቴት ብቻ የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በቀጥታ አይኬድም። የስቴቱ የአገልግሎት ኮሚሽን አለ፤ አባላቱን የሚሾመው አገረ ገዥው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ሰርቭ ዲሲ፣ በሚኒሶታ ሰርቭ ሚኒሶታ፣ በሲያትል በኩል ላሉት ሰርቭ ዋሽንግተን ይባላል። ኮሚሽኑ ገንዘብ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በሕዝብ ብዛት ተሰልቶ ለስቴቱ የሚደርሰው ድርሻ ሲሆን፣ እሱን ማን እንደሚያገኝ ኮሚሽኑ ራሱ ይወስናል። ሁለተኛው ኮሚሽኑ የመረጣቸውን ማመልከቻዎች ይዞ ከመላ ሀገሪቱ ጋር የሚወዳደርበት ነው። አዲስና ትንሽ ድርጅት በመጀመሪያው በኩል ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ገምጋሚዎቹ አካባቢውን ያውቁታል፤ ስልክም ያነሣሉ።

በፌዴራሉ ውድድር ነጥቡ ከ100 ይታሰባል፦ 50ው ለፕሮግራሙ ዕቅድ፣ 25ቱ ለድርጅቱ አቅም፣ 25ቱ ለበጀቱ። ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው በጀቱ ላይ ነው፤ ግማሹ ነጥብ ያለው ግን ዕቅዱ ላይ ነው። እዚያ የሚፈለገው ሦስት ነገር እርስ በርሱ እንዲያያዝ ነው፦ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ አገልጋዮቹ በየቀኑ ምን እንደሚያደርጉ፣ ያ ድርጊት ችግሩን ለምን እንደሚለውጥ።

አንድ ማኅበር "ልጆቻችን በንባብ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ የሚያስጠኗቸው በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጉናል" ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ነው። ግን የሚያነበው ገምጋሚ ምንም አይታየውም። አሁን በሰዓት እናስበው። ሃያ የግማሽ ጊዜ አገልጋዮች አሉን እንበል። እያንዳንዳቸው 12 ልጆች ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ይነበብለታል፣ ያነባል፣ ይታረማል። ይህ በሳምንት 18 ሰዓት ነው። በ36 የትምህርት ሳምንታት 648 ሰዓት ይሆናል። ሕጉ ለሥልጠና የሚፈቅደው እስከ 20 በመቶ ነው፤ ያን ያህል ከሰጠናቸው ከ900ው 180 ሰዓት ይወጣል። ለዝግጅት፣ ወላጆችን ለማነጋገርና መረጃ ለመመዝገብ የሚቀረው 72 ሰዓት ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት! አይበቃም። ስለዚህ 12ቱን ልጆች ወደ 10 እናወርዳለን። የማስጠናቱ ሥራ 540 ሰዓት ይሆንና 180 ሰዓት ለቀሪው ጉዳይ ይተርፋል። በጠቅላላው 240 ሳይሆን 200 ልጆች እናገለግላለን።

እስካሁን የፕሮግራሙን ወጪ በዶላር አላነሳሁም፤ ፕሮግራሙ ግን መልክ ይዟል። ልጆቹ በመስከረም ወር ይፈተናሉ፣ በግንቦት ይፈተናሉ፤ ከ200ው ስንቱ እንደተሻሻለ ይታያል። ገምጋሚ የሚፈልገው ይህን ነው። ሥራው ደግሞ የሕልም እንጀራ አይደለም። በሚኒሶታ በ2003 የተጀመረው ሪዲንግ ኮር ልጆችን አጭር በሆነና በተደጋጋሚ ጊዜ በማስነበብ የታወቀ ሲሆን፣ በተመራማሪዎች ተገምግሞ ውጤቱ ተጽፎለታል። አዲስ አመልካች እንዲህ ያለ የተፈተነ አሠራር ላይ መደገፉ ያስመሰግነዋል፤ ሁሉንም ነገር ከባዶ መፍጠር አይጠበቅበትም።

ችግሩን በማስረጃ ማሳየትን በተመለከተ ለእኛ ማኅበረሰብ አንድ ልዩ እክል አለ። የቆጠራ ቢሮው በቤት ውስጥ የሚነገሩ ቋንቋዎችን ሲያወጣ፣ በዋናው ሠንጠረዥ አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች የአፍሮ እስያ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ረድፍ ጠቅልሎታል። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ "ይህ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ነው" ማለት ስህተት ነው። ስለዚህ የመንግሥቱን ቁጥር በሚገባ ገልጾ መጥቀስ፣ በላዩ ላይ የትምህርት ቤቶችን መረጃና ማኅበሩ ራሱ ቤት ለቤት የሰበሰበውን መጠይቅ መጨመር ያስፈልጋል። አርባና ሃምሳ ቤተሰብ ጠይቆ የተጻፈ አንድ ገጽ ከብዙ ገጽ ምሬት ይበልጣል።

ገንዘቡ ላይ ደረስን። መንግሥት ሁሉንም አይሸፍንም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ድርጅቱ ከጠቅላላ ወጪው 24 በመቶውን ራሱ ያዋጣል፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እያደገ በአሥረኛው ዓመት 50 በመቶ ይደርሳል። የፕሮግራማችን ወጪ 300,000 ዶላር ነው ብንል፣ በመጀመሪያው ዓመት ከእኛ 72,000 ይጠበቃል፣ ከመንግሥት 228,000 ይመጣል። ይህን ለአሥሩ የአገልግሎት ዓመት ስናካፍለው 22,800 ይሆናል፤ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያወጣው ጣሪያ ያለው ለአንድ የአገልግሎት ዓመት በሚደርሰው በዚህ መጠን ላይ ነው።

72,000 ዶላር ሲሰማ ያስደነግጣል። ግን ሁሉም ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። ለቢሮ የተሰጠ ክፍል በአካባቢው የኪራይ ዋጋ ይገመታል። አካውንታንት የሆነ ወዳጅ ሒሳቡን በነፃ ቢሠራ፣ ጊዜው ይቆጠራል። የማይቆጠረው በጎ ፈቃደኞች ለማኅበረሰቡ በቀጥታ የሚሰጡት አገልግሎት ነው፤ ማለትም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ልጆችን የሚያስጠኑ ተማሪዎች ሰዓት ለመዋጮ አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ማኅበራት ይሰናከላሉ፤ ያላቸው ትልቁ ሀብት ይኸው ስለሆነ። የተቆጠረው ሁሉ ደግሞ በወረቀት መያዝ አለበት፦ ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ ፊርማ።

ስለ ክልከላዎቹ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። አገልጋዮች በአገልግሎት ሰዓታቸው የመራጮች ምዝገባ አያካሂዱም፣ ሰልፍ አያደራጁም፣ ለፓርቲ አይሠሩም፣ ሃይማኖት አያስተምሩም፣ የአምልኮ ሥነ ሥርዓት ላይ አይሳተፉም። ገንዘብ ማሰባሰብ ከሰዓታቸው 10 በመቶ ማለፍ የለበትም። ደመወዝተኛ ሠራተኛን አስወጥቶ እነሱን መተካትም አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አመልካች ሊሆን ይችላል፤ በአዳራሹም ልጆችን ማስጠናት ይቻላል፤ ድንበሩ ግን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሁሉም አገልጋይ አገልግሎቱን ከመጀመሩ በፊት የወንጀል መዝገብ ምርመራ፣ የኤፍ ቢ አይ የጣት አሻራም ጭምር፣ ማለፍ አለበት። ይህን በቸልታ ያለፈ ድርጅት የተከፈለውን ገንዘብ እንዲመልስ ሊደረግ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን ይህ ነው፦ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ካወጣችሁ በኋላ ነው። ወጪውን ትከፍላላችሁ፣ ሰነዱን ትልካላችሁ፣ ከዚያ ይተካላችኋል። በባንክ የሁለትና የሦስት ወር መቀመጫ የሌለው ማኅበር አሸናፊ ሆኖም ሊቸገር ይችላል። የ2025ቱን ነገርም አትርሱ። በሚያዝያ ወር የፌዴራሉ መንግሥት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ የአሜሪኮር ግራንቶችን በድንገት ሰረዘ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አገልጋዮች በዓመቱ መካከል ቤታቸው ተላኩ። ከ20 በላይ ስቴቶች ከሰሱ፤ በሰኔ መጀመሪያ በሜሪላንድ ያለ የፌዴራል ዳኛ ለከሳሾቹ ስቴቶች እንዲመለስ አዘዘ። እስከዚያ ድረስ ግን ትምህርት ቤቶች አስጠኚ አጥተው ነበር። በዚህ አንድ ምንጭ ብቻ የሚተማመን ፕሮግራም አትገንቡ።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ለአብዛኞቹ የእኛ ማኅበራት ከትልቁ ማመልከቻ መጀመር ተገቢ አይመስለኝም። ከሱ በፊት የሚሻሉ በሮች አሉ። ኮሚሽኖች የሚሰጡት የዕቅድ ግራንት አንዱ ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አገልጋይ ሳታሰማሩ ፕሮግራሙን የምትነድፉበት ነው። ሌላው ግራንት ካለው ድርጅት ጋር ተስማምቶ አገልጋይ ተቀባይ መሆን ነው፤ ወረቀቱን እነሱ ይሸከማሉ፣ እናንተ ሥራውን ትማራላችሁ። ሦስተኛውና ለእኔ በጣም የሚጥመኝ በ1965 የተጀመረው ቪስታ ነው። የቪስታ አገልጋይ ልጅ አያስጠናም፣ ምግብ አያድልም። የድርጅቱን አቅም ይገነባል፦ የበጎ ፈቃደኞች አያያዝ ያደራጃል፣ ሥርዓት ይዘረጋል፣ ፕሮፖዛል ይጽፋል። የኑሮ ድጎማውን የሚከፍለው ራሱ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው። ደረሰኝ የሚሰበስብና ቅጽ የሚሞላ ሰው ያጣ ትንሽ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኝ፣ በቀጣዩ ዓመት ለትልቁ ግራንት የሚቀርበው በሌላ አቋም ነው።

ለየትኛውም በር የምታመለክቱ ከሆነ በፌዴራሉ መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ፣ በሳም ዶት ጎቭ ላይ፣ ድርጅታችሁን አስመዝግቡና መለያ ቁጥር አውጡ። በየዓመቱ ይታደሳል። ነፃ ነው፤ "እናስመዘግብላችኋለን" ብለው በመቶዎች ዶላር የሚጠይቁ አሉና ተጠንቀቁ። ማረጋገጫው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ጥሪው እስኪወጣ አትጠብቁ። ከዚያ ለስቴታችሁ ኮሚሽን ደውሉና የሚቀጥለው የመረጃ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ስብሰባው ለአዲስ አመልካቾች የሚዘጋጅ ስለሆነ የምታነሱትን ጥያቄ ሁሉ ይመልሱላችኋል።